ያልከው ቦታ አውርደው

ልጄ፣ መንጃ ፈቃድህን ልታሳየኝ የመጣህ ዕለት አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ቤቱ በሰው ተሞላና አልሆነልኝም። ቡናው ተፈላ፣ ተመረቅክ፣ ሄድክ። አሁን ከሁሩሙ መቱ መመላለስ ከጀመርክ ወር አለፈህ። አይበርም አሉኝ። ትርፍም አይጭንም አሉኝ። ሰምቼ ደስ አለኝ። ስለ ፍሬንና ስለ ማርሽ የምጨምርልህ የለኝም። ልነግርህ የፈለግኩት ዓይናቸው ስለማያይ ተሳፋሪዎች ነው።

«እኔ እነሱን መቼ በደልኩ?» ትለኝ ይሆናል። አልበደልክም ይሆናል። ልብህን አውቀዋለሁ፤ በእጄ ነው ያደግከው። ግን ልጄ፣ በዚህ ነገር ላይ ደግ ልብ ብቻውን አይበቃም። እኔም ክፉ ሰው አልነበርኩም። ክፉ ሳልሆን ያጠፋሁትን ስማኝ።

አውቶቡስ ይዤ ከአዲስ አበባ መቱ ስመላለስ ነው፤ ብዙ ዘመኑ ነው። ክረምት ነበር። የኢሉባቦርን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። አንድ ዓይነ ስውር አባት በደሌ ላይ ተሳፈሩ። «ሁሩሙ ከመግባትህ በፊት ትልቁ ዋርካ ጋ አውርደኝ» አሉኝ። «እሺ አባቴ» አልኩ። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት። ዋርካው ጋ ስንደርስ ግን ቡና የጫነ አይሱዙ ቦታውን ይዞት ቆሟል። ዳር መያዝ አልቻልኩም። አለፍኩት። መቶ እርምጃ ያህል ሄጄ ቆምኩ። ረዳቴ በሩን ከፈተና «ደርሰናል አባት፣ ይውረዱ» አላቸው። እኔ ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ።

ወረዱ። ዋርካው ሥር ቆመን ቢሆን ኖሮ ወደ ቤታቸው የሚወስደው የእግር መንገድ የሚጀምረው ከበሩ ፊት ለፊት ነበር። ስለዚህ ቀጥ ብለው ሄዱ። ሁለት እርምጃ ሄዱ። ሦስተኛው ቦይ ነበር።

ከኋላ የተቀመጠች ሴት ጮኸች። ወርጄ ሮጥኩ። እስከ ወገባቸው ጎርፍ ውስጥ ቆመዋል፤ ዱላቸውን ግን አልለቀቁም። ተረዳድተን አወጣናቸው። «እግዜር ይስጣችሁ» አሉ። ከዚያ ዝናቡ በፊታቸው እየወረደ «ዋርካው የታለ?» ብለው ጠየቁኝ። «ትንሽ አልፈነዋል አባቴ» አልኳቸው። «ታዲያ ለምን ደርሰናል አላችሁኝ?» አሉ።

አልተቆጡም። አልሰደቡኝም። ጠየቁኝ ብቻ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ልጄ፣ ማለፌ አልነበረም ጥፋቱ። ቦታ ሲጠፋ መኪና ያልፋል፤ የመንገድ ነገር ነው። ጥፋቱ እያወቅኩ አለመናገሬ ነው። «አባቴ፣ ዋርካውን መቶ እርምጃ አልፈናል፤ ከፊትዎ ቦይ አለ፤ አስፋልቱን ይዘው ወደ ኋላ ይመለሱ» ብላቸው ኖሮ እርምጃቸውን ቆጥረው ቤታቸው ይገቡ ነበር። ዓይን ያለውን ሰው መቶ እርምጃ አሳልፈህ ብታወርደው ያጉረመርማል፤ ተመልሶ ይሄዳል። ዓይነ ስውር ግን የሚሄደው በነገርከው ቃል ነው። ቃሉ ከተሳሳተ እግሩም ይሳሳታል።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ደግሞ አንድ ሕፃን አስተማረኝ።

በጅማ በኩል አዲስ አበባ ሲኬድ ከተማዋ ልትገባ ጥቂት ሲቀርህ ሰበታ አለች። ሰበታ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፤ መርሐ ዕውራን ይባላል፤ በጃንሆይ ዘመን የተቋቋመ ነው። አንድ መስከረም አንድ አባት ክረምቱን ከቤት የከረመ ልጁን ይዞ መቱ መናኸሪያ መጣ። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። አባትየው የሁለት ሰው ሂሳብ አልነበረውም። የልጁን እጅ አንስቶ እጄ ውስጥ አስገባና «አደራ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። አደራ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ አላስረዳህም።

ልጁን ከኋላዬ ባለው ወንበር አስቀመጥኩት። ገና ከመቱ ሳንወጣ መጠየቅ ጀመረ። «አሁን ምን አለፍን?» ይለኛል። መጀመሪያ ሰለቸኝ። ሾፌር ብዙ ማውራት አይወድም፤ መንገዱ ጥምዝ ነው፣ ጭቃ ነው። ከዚያ ግን ለመድኩት። «ያዮ ጫካ ልንገባ ነው» ስለው መስኮቱን ከፍቶ አየሩን ይስባል። «አዎ፣ ቀዘቀዘ» ይለኛል። ዛሬ ያን የቡና ጫካ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. መዝግቦታል፣ የእኛም ሁሩሙ በውስጡ አለች፤ ያን ጊዜ ግን እኛ የምናውቀው ጥላውንና ብርዱን ነው። ድልድይ ላይ ስንወጣ የጎማው ድምፅ ይለወጣል። ልጁ ከእኔ ቀድሞ «ወንዝ!» ይላል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ድልድይ ሳልፍ ድምፁ እንደሚለወጥ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ጅማ አደርን። እኔ የተኛሁበት ክፍል አስተኛሁት። በማግሥቱ ወደ ጊቤ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ፊቱን መታው። ሳቀ። «ጊቤ ደረስን!» አለ። ማንም አልነገረውም። ወልቂጤን፣ ወሊሶን፣ ቱሉ ቦሎን እኔ እየነገርኩት ሄድን። ሰበታ ስንደርስ አውቶቡሱን ዳር አስይዤ ቆምኩ። ረዳቴ ክንዱን ሰጥቶት እስከ ትምህርት ቤቱ በር አደረሰው። ሁለት ቀን መንገድ የመታው ተሳፋሪ፣ አዲስ አበባ በአፍንጫው ሥር ሆና፣ ተቀምጦ ጠበቀ። አንድም ሰው አላጉረመረመም። ረዳቴ ሲመለስ «ገባ?» ብለው ነው የጠየቁት።

ይህን የምነግርህ ተሳፋሪ ይቆጣል ብለህ እንዳትፈራ ነው። ተሳፋሪ የሚቆጣው ለምን እንደቆምክ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ንገረው፤ ይታገስሃል።

ከዚያ ደግሞ በራሴ መጣ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሁለቱንም ዓይኔን ሞራ ጋረደው። ይህ የብዙ ሰው ዕጣ ነው፣ ልጄ። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1,000 ሰው 16ቱ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ግማሽ የሚሆነውን ለዚህ ያበቃው የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና የሚነሳው ሞራ። እኔ ጅማ ወርጄ ተሠርቼ ድኛለሁ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ከዚያ በፊት ግን ዓመት ተኩል ያህል ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የምለየው። በእነዚያ ወራት በዚያ በለመድኩት መንገድ ስንት ጊዜ በሰው መኪና ተሳፈርኩ።

አንድ ቀን መናኸሪያ ውስጥ የሚኒባሱን በር መያዣ ስፈልግ እጄን ዘረጋሁ። አንድ ሰው መዳፌ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ሄደ። አንድ ብር ነበር፤ ከኪስ ገና የወጣ፣ ሙቀቱ ያልለቀቀው። ሰውየው ደግ ነው፤ አልቀየምኩትም። ግን እኔ በሩን ነበር የፈለግኩት። ሂሳቤን በሌላው እጄ ይዣለሁ። ሳንቲሙን ይዤ እዚያው ቆምኩ፤ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሌላ ቀን ረዳቱ ዱላዬን ከእጄ ወሰደና ከጆንያው ጋር ፖርቶ መጋላ ላይ ወረወረው። «መተላለፊያ ይዘጋል አባት» አለኝ። መቱ ስንደርስ ዱላዬ እስኪወርድ በሩ ሥር ቆሜ ሰዉ ሁሉ እየገፋኝ ወረደ። ወደ የትኛው በኩል ልሽሽ? ልጄ፣ የአንድን ሰው ዓይን አውልቀህ ጣሪያ ላይ ትጭናለህ? ዱላው ዓይኑ ነው። ከጉልበቱ ሥር ይገባል፣ ከወንበሩ ጎን ይቆማል፤ ለዱላ የሚጠፋ ቦታ የለም። ከእጁ እንዲለይ አታድርግ። ረዳትህም ይህን ከአንተ ይስማ።

አንድ ሌላ ልጅ ደግሞ ነበር። ልጅነቱ በድምፁ ያስታውቃል። ቀረብ አለኝና «አባኮ፣ እኔ ረዳቱ ነኝ። ልርዳዎት ወይስ ራስዎ ይገባሉ?» አለኝ። «ራሴ እገባለሁ፣ በሩን ብቻ አሳየኝ» አልኩት። እጄን አልጎተተም። የበሩን ብረት በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። «መያዣው እዚህ ነው። ደረጃው አንድ ነው። ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ ራስዎን።» እጄ ድምፁን ተከትሎ ሄደና ብረቱን አገኘ። ገባሁ፤ ተቀመጥኩ። ወንበሩንም መደገፊያውን መታ አድርጎ ነው ያሳየኝ። ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ የፈጀ ይመስልሃል? ሌላው ተሳፋሪ ጆንያውን እስኪያስጭን ድረስ አለቀ። ያን ልጅ ፊቱን አላውቀውም። ዛሬ ዓይኔ ድኖ መንገድ ላይ ባልፈው አልለየውም። ጣቱ ብረቱን ሲመታ ግን አሁንም ይሰማኛል።

እንዲህ ሁን፣ ልጄ። አስቀድመህ ድምፅህን አሰማ። ማን እንደሆንክ ንገረው። ልርዳህ ወይ ብለህ ጠይቅ። እምቢ ካለህ አትቀየም፤ ሰውየው ቤቱን ራሱ የሚያስተዳድር ሰው ነው። እሺ ካለህ ክንድህን ስጠው፣ እሱ ይያዝህ። አንተ ከያዝከው ትጎትተዋለህ፤ እሱ ከያዘህ ግን ስትወጣ ስትወርድ ከክንድህ ያውቀዋል። ሴት ከሆነች ደግሞ ረዳትህ ሰውነቷን አይያዝ። ክንዱን ያቅርብላት፤ ወይም ከተሳፋሪዎቹ አንዷን እናት ይጠይቅ።

ጮክ ብለህ አታናግረው። ጆሮው ደህና ነው። ከሰው ጋር ከመጣም አጠገቡ ያለውን ሰው «የት ነው የሚወርደው?» ብለህ አትጠይቅ። እሱን ጠይቀው። በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኔ ከሴት ልጄ ጋር ስሳፈር «ሽማግሌው የት ነው የሚወርዱት?» ይሏት ነበር፤ እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ። በአንቱታ ጥራው፤ አባቴ በለው፣ እናቴ በላት። ዓይኑን ስሙ አታድርገው። «ምስኪን» ማለትንም ተው። ደግ ቃል ይመስልሃል፤ ሰሚው ግን ከሰው ተራ ያወጣኸው ነው የሚመስለው።

የትነበርሽ ንጉሤን ስሟን ሰምተህ ይሆናል። ወሎ የተወለደች ናት። በ5 ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች። ቆይታም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች። በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ትልቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። እኔ ስሟን በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ መንገዱ ነው። ወሎና ሻሸመኔ የት እና የት ናቸው። ትንሽ ልጅ ሆና በዚያ ሁሉ መንገድ ያሳፈሯት ሾፌሮች፣ በሩን ያሳዩዋት ረዳቶች እነማን ነበሩ? ከአንተ ወንበር ኋላ የምትቀመጠው ልጅ ነገ ማን እንደምትሆን አታውቅም። ማንም ባትሆንም መውረጃዋ ላይ ማውረድ ይገባሃል።

ስለ ገንዘብም ልንገርህ። ረዳትህ መልስ ሲሰጥ ብሩን በስሙ እየጠራ ይስጥ። «ይህ መቶ ነው፤ ይህ ሃምሳ ነው።» ዓይነ ስውር ሰው ብሩን ስሙን ሰምቶ ለየብቻ ያጥፈዋል። እኔ መቶውን ለሁለት፣ ሃምሳውን ለአራት አጥፍ ነበር። ስሙ ሳይጠራ የተሰጠ ብር ሁሉ ግን አንድ ነው። ባለ 200 ብሩ በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ ስሕተቱ ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ሁለተኛ ብቻውን አይወጣም። በቴሌብር ልክፈል ካለህ የሚስጥር ቁጥሩን አትጠይቀው። ራሱ ይጫን። ሲጫን አንተ ፊትህን አዙር፤ ባያይህም አዙር።

መንገድ ላይ ሳለህ ደግሞ ዝም አትበል። ድንገት ፍሬን ብትይዝ ሌላው ሰው በመስኮት ያያል፤ ላም ይሁን፣ ጎማ ይሁን፣ ትራፊክ ይሁን ያውቃል። ዓይነ ስውሩ የሚያውቀው መናወጡን ብቻ ነው። «ከብት ነው፣ አይዟችሁ» በል። አንዲት ቃል ናት። ሠፈሩ ሲቃረብ ሙዚቃውን ቀንሰው። ዝናብ ሲሆንማ ጣሪያው ይንጫጫል፤ ያን ጊዜ ድልድዩን አይሰማም፣ ገበያውን አይሰማም፣ የወፍጮ ቤቱን ድምፅ አይሰማም። ለእኔ ከጨለማው የባሰው ዝናቡ ነበር። የት እንዳለሁ የሚነግረኝ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በእኛ አገር ደግሞ ከዓመቱ የሚበልጠው ዝናብ ነው። ስለዚህ ሲዘንብ ያለፍከውን ሁሉ ንገረው። ደጋግመህ ንገረው።

መንገድ ዳር የሚቆመውንም አስበው። ዓይን ያለው ሰው መኪናህን ከሩቅ አይቶ እጁን ያነሳል። ዓይነ ስውሩ የሞተር ድምፅ ሰምቶ እጁን እስኪያነሳ አንተ አልፈሃል። ደግሞም የጭነት ይሁን የሰው መኪና በምን ይወቀው? ዱላ የያዘ ሰው ዳር ቆሞ ካየህ እጁን ባያነሳም ቀስ በል። ረዳትህ «መቱ! መቱ!» ብሎ ይጥራ። የረዳት ጩኸት ሰውን ያሰለቻል ይባላል። ለዓይነ ስውር ግን ታፔላው ያ ጩኸት ነው። አሁን ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች አዲስ አበባ እየበዙ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉት አዳዲስ የመኪና ሞዴሎች በዝግታ ሲሄዱ ድምፅ እንዲያሰሙ በሕግ አስገድዷል። ሁሩሙም አንድ ቀን ይደርሳሉ። ያን ጊዜ የአንተና የረዳትህ ድምፅ ከዛሬው ይልቅ ያስፈልጋል።

ነጭ በትር የያዘ ካየህ ደግሞ ነጭ የሆነበትን ምክንያት እወቅ። በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል በምትባል ከተማ ጄምስ ቢግስ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። በአደጋ ዓይኑን አጣ። ቤቱ አካባቢ የሚያልፈው መኪና ብዙ ነበርና ሰጋ። በ1921 እ.ኤ.አ. ዱላውን ነጭ ቀለም ቀባው። እሱ እኮ ቀለሙን አያየውም! የቀባው ለሾፌሩ ነው። ለአንተ ነው ልጄ። ዛሬ ዓለም ጥቅምት 5 ቀን ገደማ የነጭ በትር ቀን ብሎ ያከብረዋል። በእኛ በኩል ግን ነጭ በትር ያለው ጥቂት ነው። ብዙው የሚይዘው ከጓሮ የተቆረጠ ዱላ ነው። ወይም የልጅ ትከሻ።

ያን የልጅ ትከሻ አስብልኝ። ብዙውን ጊዜ የልጅ ልጅ ናት። አያቷን ሐኪም ቤት ታደርሳለች፣ ደጅ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ትመልሳለች። ያ ቀን ከትምህርቷ የተቆረጠ ቀን ነው። የእሷም ሂሳብ ይከፈላል፤ ከሌላቸው ላይ። ለምን አብራ ትሄዳለች? አያቷ ዱላ ይዘው መራመድ አቅቷቸው አይደለም። ቤታቸውን፣ ጓሯቸውን፣ እስከ መንገዱ ያለውን ያውቁታል። የማያምኑት መኪናውን ነው። የት ያወርዱኝ ይሆን ብለው ነው። ያልከው ቦታ የምታወርድ ሾፌር መሆንህ ከታወቀ ያች ልጅ ክፍሏ ትውላለች። ይህን ሳስብ ነው የዋርካው ነገር የሚቆጨኝ። እኒያ አባት ከዚያ ወዲያ ብቻቸውን አልተሳፈሩም ይሆናል። አንድ ልጅ በእኔ ምክንያት ስንት ቀን ከትምህርት ቀርቶ ይሆን?

አወራረዱን አደራ። በሩ በቀኝ ነው፣ ቦዩም በቀኝ ነው። ከበሩ ሥር ሁለት ክንድ ደረቅ መሬት መኖሩን ሳታይ አታቁም። የት እንደቆምክ ንገረው። ፊቱ ወዴት እንደሆነ ንገረው። «ከጀርባዎ መኪናው ነው፤ ሱቁ በግራዎ ነው» በለው። «እዚያ ጋ» አትበለው፤ እዚያ የሚባል ቦታ የለውም። መንገድ የሚሻገር ከሆነ በመኪናህ አፍንጫ ሥር አይለፍ፤ ከኋላ የሚመጣው ባጃጅ አያየውም። የሚያሻግረው ሰው ከፈለገ ለማንም ለአላፊ አግዳሚው አታስረክበው። ሱቅ ያለውን፣ ሠፈሩ የሚያውቀውን ጥራ። እግሩ ከጎማው መራቁን ሳታይ አትንቀሳቀስ። አጠገቡም ክላክስ አታድርግ፤ የሚመጣውን መኪና የሚያውቀው በጆሮው ነው።

ባለንብረቱ የቀን ገቢ እንደሚጠብቅብህ አውቃለሁ። ተራ እንዳያመልጥህ እንደምትቸኩልም አውቃለሁ። እኔም ቸኩያለሁ። የምነግርህ ሁሉ ተደምሮ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። የምፈራልህ ሁለት ደቂቃውን አይደለም፤ ልማዱን ነው። መጀመሪያ ያለፍከው ዓይነ ስውር ይከብድሃል፤ ቀኑን ሙሉ ትዝ ይልሃል። ሁለተኛው ይቀልሃል። አምስተኛውን አታየውም፤ መንገድ ዳር እንደቆመ የስልክ እንጨት ይሆንብሃል። ረዳትህም ይህንኑ ከአንተ ይማራል፤ ነገ እሱም ሾፌር ይሆናል። ጥሩውም እንደዚያው ነው። ሦስት ቀን መንገድ ከተናገርክ በአራተኛው አፍህ ራሱ ይናገራል። እኔ ዛሬ መኪና ሳልይዝ እንኳ ከሰው ጋር ስሄድ «ያዮ ደረስን» እላለሁ።

ሕግም አለ። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላዋለች፤ መጓጓዣም በውስጡ አለበት። ሕጉን የጠቀስኩልህ ላስፈራራህ አይደለም። ተሳፋሪው የሚጠይቅህ ውለታ እንዳልሆነ እንድታውቅ ነው። ሂሳቡን ከፍሏል። መውረጃውም የእሱ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሐሙስ ጠዋት በሁለተኛው ዙርህ ከቤቴ በታች፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ አንዲት እናት ይቆማሉ። እጃቸውን አያነሱም። ዱላቸው ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሯል፤ አንተ ከሩቅ እንድታየው እኔ ነኝ ያሰርኩላቸው። የሚሄዱት መቱ፣ ካርል ሆስፒታል ነው። የሚወርዱት ግን ከበሩ ዝቅ ብላ ያለችው ሻይ ቤት ጋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በእርምጃ ያውቁታል። ሻይ ቤቷ ጋ ቦታ አጥተህ ካለፍክ ማለፍህን ንገራቸው። ሂሳባቸውን መሐረብ ውስጥ ቋጥረው ነው የሚይዙት፤ ሲፈቱት ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ ረዳትህ ይጠብቃቸው። እስከ አሁን የምታደርሳቸው የልጅ ልጃቸው ነበረች። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ልጅቱ ሐሙስ ሐሙስም ትምህርት ቤት ትውላለች። ስለ አንተ ነግሬያቸዋለሁ።